አክስቴ መውደቅ የተማረች ዕለት

ባጃጄ ስር ተጋድሜ ነው የሰማሁት። ቅዳሜ ጠዋት፣ ጭስ ማውጫው ከሥሩ ተገንጥሎ ቡታጅራን በሙሉ እንደ ወፍጮ ቤት እያስጮህኩ መጣሁና ሙዝደሊፋ ብየዳ ቤት ደጃፍ ላይ አቆምኩት። እሱ ደግሞ "ብሎኑን ራስህ ፍታው፣ እኔ እበይዳለሁ እንጂ ያንተን ጭቃ አልጠርግም" ስላለኝ ካርቶን አንጥፌ ገባሁ። ከታች ሆኖ ከተማ ማየት ደስ ይላል። ሰው ሁሉ እግር ብቻ ነው፤ ፊት የለም፣ ማስመሰል የለም። ትንሽ ቆይቶ ሁለት ጥቁር ጫማዎች መጥተው አፍንጫዬ አጠገብ ቆሙ። የጋሽ ያረጋልን ጫማ ቡታጅራ ውስጥ የማያውቅ የለም፣ ክረምት ከበጋ ያበራል። ከጎጃም መጥቶ ፍርድ ቤት ሲሠራ ኖሮ እዚሁ ጡረታ የወጣ፣ የሰፈራችን ዕድር ሊቀመንበር ነው። ከእኔ ጋር ጠበኞች ነን። አምና የመስቀል ሰሞን አንዷን ተሳፋሪ "ጋሽ ያረጋል አረፉ አሉ" ብዬ ለሙድ ነገርኳት። እሷ ለጎረቤት፣ ጎረቤት ለጥሩምባ ነፊ፣ ሳይመሽ የዕድሩ ድንኳን በሩ ላይ ተተከለና ሰውየው በቢጃማ ወጥቶ "ማን ነው የሞተው?" ብሎ ጠየቀ። አቦ፣ እንደዛን ቀን ስቄ አላውቅም። ከዛ ወዲህ ግን "ዘነበ" ብል እንኳ የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ እጁን ወደ ውጭ ዘርግቶ ነው የሚያምነኝ።

"ሙዝደሊፋ፣ አንድ ነገር እንድትሠራልኝ ነው" አለ ጫማው። "ለእግር የሚሆን የብረት ቀለበት። ሰንሰለት የሚገባበት፣ በቁልፍ የሚዘጋ።"

"ለውሻ ነው ለጥጃ?"

ግራ ጫማው ቀኙን ረገጠ።

"ለሰው ነው። ለዓለምዘውድ ልጅ።"

ዓለምዘውድ አክስቴ ናት፣ የእናቴ ታናሽ። ፊልጶስ ልጇ ነው፤ ያላት እሱ ብቻ ነው። እኔ ግቢዋ ውስጥ ጓሮ ባለችው አንድ ክፍል ነው የምኖረው፤ ኪራይ አልከፍልም፣ እሷም አትጠይቀኝም። መፍቻው እጄ ላይ እንዳለ ደርቄ ቀረሁ። ጋሽ ያረጋል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያስረዳ ሰማሁት። ክረምት ላይ የእጇን አንጓ ሰበራት፣ ባለፈው ወር ቅንድቧን ሰነጠቃት፣ ሽማግሌዎች ቁጭ ብለን መክረናል፣ ከእንግዲህ አንዴ ከጣላት ይታሰራል ብለናት እሷም ፊታችን እሺ ብላለች፣ አለ። "ደስ ብሎኝ አይደለም። እኔም ልጆች አሉኝ። ግን አንድ ቀን ሬሳዋን ተሸክመን ከምንወጣ ብዬ ነው። ተሠርቶ ይቀመጥ።" ክፋቱ ምን መሰላችሁ፣ ሰውየው ከልቡ ነው የሚያወራው። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ እዚያች ጫማው ላይ የሞተር ዘይት አፈስባት ነበር።

እኔ ሙዝደሊፋ መዶሻውን ይወረውርበታል ብዬ ስጠብቅ ነበር። ምክንያቱም ሙዝደሊፋ ጠዋት ብረት ይበይዳል እንጂ ከሰዓት ካራቴ ነው የሚያስተምረው። ፊልጶስን ከልጅነቱ አንስቶ እስከ ቡናማ ቀበቶ ያደረሰው እሱ ነው። እኔንም ወደ ካራቴ የወሰደኝ ፊልጶስ ነበር። ሙዝደሊፋ ግን መዶሻ አልወረወረም።

"የእግሩ ውፍረት ምን ያህል ነው?" አለ።

ጫማዎቹ ከሄዱ በኋላ ፊቴ በዘይት ተለቅልቆ ተሳብኩና ወጣሁ። ሙዝደሊፋ ብረት እየመረጠ ነው። ትሠራለህ እንዴ አልኩት፣ እሠራለሁ አለኝ። አንተ ሰው ነህ? አልኩት። የብየዳ መነፅሩን ዓይኑ ላይ አወረደና "እኔ ካልሠራሁት ወደ ቆሼ መውጫው ላይ ያለው በያጅ ልጅ ይሠራዋል። እሱ ጠርዝ አይሞርድም" አለ። ከዚያ እሳቱ ብልጭ አለ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጭስ ማውጫዬንም በዛው እሳት በየደልኝ፣ ብርም አልተቀበለኝም። ሙዝደሊፋ በነፃ የሠራበት ቀን ብሎ ነገር አይቼ አላውቅም።

ለምሳ ቤት ገባሁ። የአክስቴ ቤት ሳሎንና አንድ ጓዳ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ግድግዳው ጭቃ ሆኖ ላዩ ኖራ የተቀባ። መሀሉ ላይ ጣራውን የያዘ የዝግባ ምሰሶ አለ። ባለቤቷ ከመሞቱ በፊት የጀመረው ኮርኒስ ግማሹ ላይ ቀርቷል፤ ግማሹ ቤት ነጭ፣ ግማሹ ቤት ቆርቆሮ ነው። ጓዳው የፊልጶስ ነው። መጋረጃው ሁልጊዜ እንደተዘጋ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሻንጣውን እንኳ ሳይዝ በነጠላ ጫማ ተመልሶ መጣ፣ ከዚያ ወዲህ እንደዚህ ነው። መድኃኒቱ ሲገኝ ሬዲዮ ይሰማል፣ ቆጮውን ይበላል፣ ፀሐይ ይሞቃል። መድኃኒቱ ከከተማው ሲጠፋ ግን "መጡ" ማለት ይጀምራል። እነማን እንደሆኑ አይናገርም። ሊወስዱት ነው የሚመጡት። ያን ጊዜ ወደ ውጭ ለመሮጥ ይነሳል፣ በሱና በበሩ መሀል የቆመውን ሁሉ ይገፋል። አይመታም፣ አንድም ቀን መትቷት አያውቅም፣ ይገፋል። ግን የሱ ግፊያ እንደኔና እንደናንተ አይደለም፤ ከወገቡ አዙሮ ነው፣ ሙዝደሊፋ እንዳስተማረው። በሱና በበሩ መሀል ደግሞ ሁልጊዜ የምትቆመው እናቱ ናት፣ አስፓልት ላይ ወጥቶ መኪና እንዳይበላው።

አክስቴ ስትወድቅ ትዋሻለች። አንጓዋ ሲሰበር "ደረጃ አዳለጠኝ" አለች፤ ቤታችን ደረጃ የለውም። ቅንድቧ ሲሰነጠቅ "ጥጃዋ ረግጣኝ ነው" አለች፤ ጥጃዋ ከተሸጠች ከርማለች። ሁሉንም "ራሴ ወድቄ ነው" ብላ ነው የምትጀምረው። ሰፈሩም ቀስ በቀስ "ዓለምዘውድ ደረጃ አዳለጣት" ማለትን እንደ ተረት ይዞታል። ያንን ቀን ምሳ ላይ ቆጮ ቆርሳ፣ ጎመን በአይብ አድርጋ አቀረበችልኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ቅንድቧ ላይ ጠባሳው ገና ሮዝ ነው። ቀለበቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ፣ ጎመን ጎረስኩበት። ሁለተኛ ከፈትኩ፣ ውኃ ጠጣሁበት። እኔ ለማንም የማይነገር ነገር ስናገር የኖርኩ ሰውዬ ያን ቀን አንዲት እውነት ከጉሮሮዬ አልወጣ አለች። እሷም የሆነ ነገር ልትለኝ ፈልጋ ነጠላዋን ታጥፋለች፣ ትፈታለች። እንደዚህ ሆነን ምሳው አለቀ።

"ከሰዓት ትወስደኛለህ?" አለችኝ መጨረሻ ላይ።

"የት?"

"አንድ ቦታ። ክኒኑን ወስዶ ተኝቷል፣ ሃሊማ በጆሮዋ ትጠብቅልኛለች።"

እትዬ ሃሊማ የግድግዳ ጎረቤታችን ናት። ግድግዳው አንድ ነው፤ እሷ ስትስል እኛ "ይማርሽ" እንላለን። ልጇን ለባለሱቅ ድራ ብቻዋን ነው የምትኖረው፣ ለፊልጶስ በየሳምንቱ ወተት ታመጣለች። አክስቴን ባጃጅ ላይ ሳሳፍር በሯ ላይ በርበሬ እየቀነጠሰች ነበር።

"አሰላሙ አለይኩም ነብዩ! ዛሬስ ማንን ገደልክ?"

"ወአለይኩሙ ሰላም እትዬ ሃሊማ፣ ወረፋ አለ፣ ስምዎን አስመዝግቤያለሁ።"

"አላህ ይቅር ይበልህ አንተ ልጅ! ስም አውጪህን ነበር መጠየቅ። ነብዩ ተብሎ ውሸታም!" ብላ ሳቀችና ወደ አክስቴ ዞረች። "ሂጂ ዓለምዬ፣ አታስቢ። ኮሽ ካለ እሰማለሁ።"

መንገድ ላይ በመስታወቱ ሳያት ከቀሚሷ ስር ሰማያዊ ቱታ ብቅ ይላል። የፊልጶስ ቱታ ነው፣ እግሩ ላይ ሁለት ጊዜ ታጥፏል። አክስቴ፣ ለቡታጅራ ከነማ ፈርመሽ ነው? አልኳት። "መንገድህን እይ" አለችኝ። ጉድጓድ ላይ ሆን ብዬ ገባሁባት፣ ዘለለች፣ አልሳቀችም። ከመናኸሪያው ጀርባ፣ የድሮው በርበሬ መጋዘን ጋ ስንደርስ "እዚህ ጋ" አለችኝ። እኔ መጀመሪያ የመሰለኝ በርበሬ ልትገዛ ነው። መጋዘኑ ውስጥ በርበሬ የለም እኮ፣ ካራቴ ነው ያለው።

ድሮ የማረቆ በርበሬ ከቆሼ እየመጣ እዚያ ይከማች ነበር። አሁን ባለቤቱ ለሙዝደሊፋ አከራይቶታል። ወለሉ ላይ የተነጠፈው የበርበሬ ጆንያ ነው፣ ጭድ ተሞልቶ እርስ በርሱ የተሰፋ። ሰው በወደቀ ቁጥር ከጆንያው ቀይ አቧራ ይነሳና ክፍሉ በሙሉ ያስነጥሳል። እዚያ የጀመረ ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ያለቅሳል፣ ጀግናም ይሁን ፈሪ። ሙዝደሊፋ ደግሞ አንድ ሕግ አለው። አዲስ የመጣ ሰው ፊት ወጥቶ ለምን እንደመጣ ይናገራል። መሳቅ ይፈቀዳል፣ መዋሸት አይፈቀድም። እኔ የመጣሁ ቀን "ሴት እንድታየኝ" ብያለሁ፣ እስከዛሬ ያየችኝ የለችም።

ያን ቀን አዲሶቹ አራት ነበሩ። መጀመሪያ የክትፎ ቤቱ አብዱልሃፊዝ ወጣ፣ ሆዱ ከሱ ቀድሞ ነው የወጣው። "ሐኪሙ ወይ ክትፎውን ተው ወይ ተንቀሳቀስ አለኝ፣ ክትፎውን እንዴት እተዋለሁ? ቤቴ እኮ ነው" አለ። ሳቅን። ቀጥሎ አንዱ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ስልኩን የቀሙትን ልጆች እንደሚያውቃቸው፣ ስማቸውንም ቤታቸውንም እንደሚያውቅ ተናገረ፤ የቀረው መምታቱ ብቻ ነው። ሳቅን። ከዚያ ነዒማ የምትባል ልጅ፣ ጥቁር ሻርፕ ያደረገች፣ ጣቷን እየጎተተች "ዐረብ አገር ልሄድ ነው። ማዳሟ እጇን ብታነሳብኝ እጇን ልያዝ ብዬ ነው። ልመታት አይደለም፣ ልይዛት ብቻ" አለች። ይሄኛው ሳቅ ግማሹ ላይ ተቆረጠ።

አክስቴ መጨረሻ ወጣች። ነጠላዋን አውልቃ ወገቧ ላይ እንደ መቀነት አሰረችው። የክፍሉ ልጆች ማን እንዳመጣት ለማየት ወደኔ ዞሩ።

"እኔ መምታት አልፈልግም" አለች። "መውደቅ ልማር ነው የመጣሁት።"

መጋዘኑ ተናጋ። ከሁሉም በላይ የሳቅኩት እኔ ነኝ፤ "አክስቴ፣ መውደቅ እኮ በነፃ ነው!" ብዬም ጨመርኩበት። እሷ ወደኔ አላየችም። ሙዝደሊፋን ነው የምታየው። "ሰው ሲገፋ የማይሰበርበት አወዳደቅ አለ። ልጄ ግቢ ውስጥ ሲሠራው አይቼዋለሁ። ይወድቃል፣ ይነሳል፣ አቧራውን ያራግፋል፣ ምንም አይሆንም። እሱን አሳየኝ። እኔ ደህና ከሆንኩ ልጄንም ማንም አይነካብኝም" አለች። ሳቁ እንደ ሻማ ጠፋ። ጆንያ ላይ ተቀምጬ ጆሮዬ ሲግል ተሰማኝ። ሙዝደሊፋም ጠዋት ያንን ብረት የያዙትን እጆቹን ጀርባው ላይ ደበቃቸው።

ከዚያ አስተማራት። "እትዬ፣ አገጭዎን ደረትዎ ላይ ይድፉ። ጭንቅላትዎ መሬት አይንካ። ጀርባዎ ሳይደርስ ቀድመው መሬቱን በክንድዎ ይምቱት፣ ክንድዎ አይታጠፍ። መሬቱ ካልጮኸ አጥንት ነው የሚጮኸው።" መጀመሪያ ከቁጢጥ፣ ከዚያ ከቁመቷ። ወደቀች። ተነሳች። ወደቀች። የእኔ አክስት፣ ባቄላ ስትለቅም እንኳ ጉልበቴን የምትለዋ፣ በልጇ ቱታ የበርበሬ ጆንያ ላይ ጷ! እያለች ትወድቃለች፣ ቀይ አቧራ ይነሳል፣ ነዒማ ታስነጥሳለች፣ አብዱልሃፊዝ "በርቺ እናቴ!" ይላል። አንዴ ተጋድማ እንደቀረች "ድምፅ የሌለው አወዳደቅ የለም?" ብላ ጠየቀች።

"የለም እትዬ።"

"ጎረቤት ይሰማል እኮ።"

ሙዝደሊፋ ወደ በሩ አየ። "ቀስ በቀስ ይቀንሳል" አላት። ራሱ ያወጣውን ሕግ ራሱ ሲጥስ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ድምፁ አይቀንስም፣ በደንብ በቻልክ ቁጥር ይጨምራል እንጂ። አክስቴ ዓይኗ ይፈሳል። "በርበሬው ነው" አለች ማንም ሳይጠይቃት።

እረፍት ላይ ውኃ ከጄሪካኑ ስቀዳ ሙዝደሊፋ አጠገቤ መጣ። "ልጇ መጀመሪያ የመጣ ቀን እዛው እሷ የቆመችበት ጋ ቆሞ ምን እንዳለ ታውቃለህ?" አለኝ። አላውቅም። "አባቱ የሞተ ሰሞን ነው። ቁመቱ ወገቤ ጋ ነው። 'እናቴን ማንም እንዳይነካት' ነው ያለው።" ቀለበቱስ? አልኩት። "አልቋል። ውስጡን ሞርጄ የብስክሌት ጎማ ለብጬበታለሁ። ሰኞ ይምጡ እላቸዋለሁ። ከሰኞ ወዲያ አላውቅም።"

ቤት ስንመለስ ፀሐይ ገና አልገባችም። እትዬ ሃሊማ ከበሯ ላይ ሆና "ማሻአላህ፣ ኮሽ አላለም" አለችን። ባጃጄን በሩ ላይ አቆምኩ። አክስቴ እንደገባች የእንሰት ምንጣፏን፣ ጅባውን፣ ሳሎን መሀል ዘረጋችው፣ ምሰሶው ስር፣ ላዩ ላይ የራሷን ፍራሽ ጣለችበት። እንዳትረሳው ልትለማመድ ነው። ፍራሹ ግን አነሰ፣ ክንዷ ከፍራሹ አልፎ ሲሚንቶው ላይ ነው የሚያርፈው።

"ግፋኝ" አለችኝ።

"አክስቴ፣ ተይ በናትሽ።"

"ግፋኝ ነብዩ። እሱ የሚገፋኝን ያህል።"

በሁለት ጣት ነካኋት። "ዝንብ ነው ወይስ አንተ ነህ?" አለችኝ። እሺ ብዬ ገፋኋት፣ ወደቀች፣ ጷ! ቤቱ ተሞላ። ከወለሉ ላይ ሳትነሳ ወደ ጓዳው አየች። መጋረጃው ተከፍቷል። ፊልጶስ ቆሟል። ፂሙ አድጓል፣ ካልሲው አንድ እግሩ ላይ ብቻ ነው። እኔ ቀስ ብዬ ከበሩ ፊት ዞር አልኩ፣ እሷ ግን እንደተጋደመች ቀረች። እሱ ፊቷን አላየም፣ ክንዷን ነው የሚያየው።

"ተሳስተሻል" አለ። ድምፁ ዝጓል። "ክንድሽ ታጥፏል። እንደዛ ከሆነ ይሰበራል።"

መጣና አጠገቧ ቆመ። እንደቆመ ወደ ኋላ ወደቀ። ፍራሽ የለ፣ ምን የለ፣ ሲሚንቶው ላይ። ጷ! ቤቱ ተንቀጠቀጠ። እሱ ተነሳ፣ አቧራውን አራገፈ። "እንደዚህ።" አክስቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። "እስቲ ድገመው" አለችው። ደገመው። ከዚያ እጅጌዋን ይዞ አስተኛት፣ ክንዷን በሁለት እጁ አቀናላት፣ ያንኑ ክረምት ላይ የተሰበረውን ክንድ። "አገጭ!" ይላታል። "እማ፣ አገጭ! እንደገና! ተነሽ፣ እንደገና!" ጷ! ጷ! እሷ ትወድቃለች፣ ትስቃለች፣ ሳቋ እንደ ልጅ ሲቃ ይይዘዋል፣ እሱም ሳቀ። ፊልጶስ ሳቀ! ጥርሱን ካየሁት ስንት ጊዜዬ ነው። እኔ ምሰሶውን ተደግፌ አጨበጭባለሁ፣ "በል እናትህ አሸነፈችህ!" እላለሁ። ሦስታችንም ግድግዳውን ረሳነው።

በጭቃ ግድግዳ በኩል ሳቅና ለቅሶ አንድ ነው። እትዬ ሃሊማ የሰማችው ወለል ሲመታ፣ ወንድ "ተነሽ፣ እንደገና!" ብሎ ሲጮህና ሴት ሲቃ ሲይዛት ነው። እኔም ብሆን ያንን ሰምቼ አልቀመጥም። በሩ ተበርግዶ ሲከፈት ጋሽ ያረጋል ከፊት ነው፣ ከኋላው የሰፈሩ ጎረምሶች፣ ከሁሉም ኋላ እትዬ ሃሊማ ሻርፗ ትከሻዋ ላይ ወድቆ "አላህ! አላህ! ድረሱላት!" እያለች። አክስቴ መሬት ላይ ናት። ፀጉሯ ተበትኗል። ፊልጶስ ላይዋ ላይ ቆሟል።

"እያስተማራት ነው!" ብዬ ጮህኩ። "በእመቤቴ፣ ካራቴ እያስተማራት ነው!"

ጋሽ ያረጋል ወደኔ እንኳ አልዞረም። "አንተ ደግሞ ዛሬም ድንኳን ልታስተክለን ነው?" አለ። ከጎረምሶቹ አንዱ ሳቀ።

አክስቴ ተነስታ ቆመች። "ጋሼ፣ ይስሙኝ" አለች። "እሱ አልነካኝም። ራሴ ነኝ የወደቅኩት። ወድቄ ነው።" ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ምን እንዳለች የገባት መሰለኝ፣ ምክንያቱም መሀል ላይ አቆመች። ያቺ ሁልጊዜ የምትዋሻት ውሸት ራሷ ናት፣ አንድ ፊደል ሳይጎድልባት፤ ያን ቀን ግን እውነት ሆና ነው የመጣችው። ሌላ ቃል ፈለገች። አላገኘችም። ጋሽ ያረጋል በሐዘን ነው ያያት። "ደረጃው አዳለጠሽ፣ አይደል ዓለምዘውድ?" አላት፣ በለስላሳ ድምፅ፣ ለሙድ አይደለም።

ፊልጶስ በሩን አየ። ሲፈራው የኖረው ነገር ነው የመጣው። "መጡ" አለ። ወደ ውጭ ሊሮጥ ነው ብዬ መንገድ ለቀቅኩ፣ እሱ ግን አልሮጠም። እናቱ ፊት ሄዶ ቆመ። ሁለት ክንዶቹን ዘርግቶ ጀርባውን ለእሷ ሰጠ። እኔ ብቻ ነኝ ያ ምን እንደሆነ ያወቅኩት፤ ያን ቀን ከጄሪካኑ አጠገብ ባልሰማ እኔም አይገባኝም ነበር። ጋሽ ያረጋል አክስቴን ከኋላው ሊጎትት እጁን ዘረጋ፣ ፊልጶስ ከወገቡ አዙሮ ገፋው። ሰውየው ክንዱን አጥፎ በጎኑ ወደቀ፣ ጭንቅላቱ ግድግዳው ላይ ኳ አለ። መውደቅ አልተማረማ። ከዚያ በኋላ ማንም የሚሰማ የለም። ስድስት ሆነው ጣሉት፣ እኔ የአንዱን አንገት አንቄ በቡጢ አፌን ተመታሁ። አንዱ ሮጦ ወጣና ገመድ ይዞ ተመለሰ። ገመዱ የኔ ነው፣ ባጃጄ ሲቆም የምጎትትበት ቢጫው ገመድ።

ሙዝደሊፋን ማን እንደጠራው አላውቅም። ፌስታል ይዞ መጣ። በሩ ላይ ሲደርስ አክስቴ አየችው፣ ቀይ አቧራው ገና ቱታዋ ላይ ነው። ዓይኗ ወደ ፌስታሉ ሄደና እዛው ቀረ። እሱ መሬት መሬት እያየ ገባ። ጎረምሶቹ ሊቀበሉት ሲሉ "ልቀቁ፣ እኔ አስረዋለሁ" አለ። ፊልጶስ አጠገብ ተንበረከከ፣ እግሩ ላይ ያለችውን አንዷን ካልሲ ወደ ላይ ሳበለት፣ ቀለበቱን ከፌስታሉ አውጥቶ በካልሲው ላይ ዘጋው፣ ጣቱን አስገብቶ እንዳይጠብቅ ለካ። ሰንሰለቱን ምሰሶው ላይ አዞረው። ቁልፉን ጭንቅላቱን ይዞ ለቆመው ለጋሽ ያረጋል ሰጠ። ፊልጶስ መታገል አቁሞ "ሴንሴ" አለው፣ ካራቴ ላይ መምህራችንን እንደምንጠራው። ሙዝደሊፋ ተነስቶ ወጣ፣ ጫማውን በሩ ላይ አውልቆ ስለነበር በካልሲው ግማሽ መንገድ ሄዶ ነው ጫማውን ሊወስድ የተመለሰው።

ሰው ሁሉ ሄደ። እትዬ ሃሊማ አንድ ብርጭቆ ወተት አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ አክስቴን ልታቅፋት ፈለገች፣ አልቻለችም፣ "ላንቺው ብዬ ነው ዓለምዬ፣ ወላሂ ላንቺው ብዬ ነው" ብላ ወጣች። አክስቴም "አውቃለሁ" አለቻት። እኔ ከንፈሬ አብጦ በሩ ስር ተቀምጫለሁ። ፊልጶስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ትንሽ ሲንቀሳቀስ ሰንሰለቱ ይንኮሻኮሻል፣ ሲሰማው ይቆማል፣ እንደገና ይሞክራል። ምሳ ላይ ስለ ቀለበቱ ብነግራትስ ኖሮ እያልኩ አስባለሁ። ምን ትሆን ነበር? ያው መውደቅ መማሩን አትተውም ነበር። ወተቱ ላይ ስስ ክዳን ያዘ።

አንድ ጊዜ አክስቴ ተነሳች። ትግሉ የጠቀለለውን ጅባ ፈታችና ከልጇ አጠገብ፣ ሰንሰለቱ እስከሚደርስበት ድረስ ዘረጋችው። ፍራሹን አላመጣችም። ነጠላዋን እንደ ቅድሙ ወገቧ ላይ አጠበቀች። ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች፣ አገጯን ደረቷ ላይ ደፋች፣ ወደቀች።

ጷ!

እኔ ዘልዬ ተነሳሁ። ወደ ግድግዳው አየሁ። እትዬ ሃሊማ ቤት ሲኒ ተቀመጠ፣ ከዚያ ምንም። የሚሮጥ እግር የለም፣ በር የሚከፍት የለም። አክስቴ ተነሳች፣ ደገመች። ጷ! ምንም የለም። ልጁ ታስሯላ፣ ከእንግዲህ እኛ ቤት ቢጮህ ማን ምን አገባው።

"ክንድሽ" አለ ፊልጶስ፣ ፊቱን ከግድግዳው ሳይመልስ።

"እሺ ልጄ" አለች። ክንዷን አቀናችና እንደገና ወደቀች። መሬቱ ጮኸ። ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ማንም አልመጣም።